አቡነ ያዕቆብና የጓላው ትምህርት ቤት

የዚህ የመገናኛ መጽሐፍ አዘጋጆች፣ ከሞተ የቆየና ስለ መሪነት አንድ ነገር ያስተማራችሁን ሰው ሕይወት ጻፉልን ሲሉ፣ ግማሻችሁ ማንዴላን፣ ግማሻችሁ ደግሞ ራስ አሉላን እንደምትመርጡ አልተጠራጠርኩም። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ዶርም ውስጥ ስንኖር ስማቸውን አንስቼባችሁ የማላውቃቸውን ሰው ይዤ መጥቻለሁ። ጣሊያን ናቸው። የተወለዱት ጣሊያን አገር፣ የተቀበሩት ግን ኤርትራ ውስጥ ሄቦ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ጁስቲኖ ደ ያኮቢስ ነበር። የኛ ሰው አቡነ ያዕቆብ አላቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰባትና ስምንት እየቀነስኩ ራሴንም እናንተንም እንዳላዞር።)

መቂን በመኪና ብቻ ያለፋችሁባት፣ ከሞጆ ወደ ዝዋይ ስትወርዱ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን የተደረደረባት፣ ባጃጅ የሚርመሰመስባት ከተማ ናት። እኔ የማስታውሳት ከትምህርት ቤት ደወል ጋር ነው። ቤተሰቦቼ ኦርቶዶክስ ናቸው። አባቴ ካቶሊኮቹ ጋ ሲያስገባኝ እናቴ ልጄን ሃይማኖቱን ያስቀይሩብኛል ብላ ሁለት ቀን አኩርፋ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም አንድ ዴስክ ላይ ተጣበን ነው የተማርነው። እኔም ማተቤን እስከ ዛሬ አልፈታሁም። እናቴም ኋላ ላይ ለፋሲካ ለአባ እንቁላል መላክ ጀመረች።

እኚህ አባ ከሰሜን የመጡ ነበሩ። አፋን ኦሮሞ አንዲት ቃል አይችሉም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ደብተርና እርሳስ ይዘው ሦስተኛ ክፍል ይገቡና ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። መምህሩ ሲጠይቃቸው እንደኛው እጃቸውን አውጥተው ይነሣሉ። ሲሳሳቱ እንስቃለን፤ እሳቸውም ከኛ ጋር ስቀው እንደገና ይሞክራሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቢሯቸው ገብተው ሥራቸውን ይሠራሉ። አሥረኛ ክፍል ስደርስ፣ በልጆች ፊት እንደዚያ ሲሆኑ አላፈሩም ወይ ብዬ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ከመደርደሪያቸው አንድ ቀጭን መጽሐፍ አውጥተው አንብበህ መልስልኝ አሉኝ። የአቡነ ያዕቆብ ታሪክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላም ሌላም ስለሳቸው የተጻፈ አንብቤያለሁ።

የተወለዱት ኦክቶበር 9 ቀን 1800 ደቡብ ጣሊያን፣ ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ ከተማ ነው። ከአሥራ አራት ልጆች ሰባተኛው ናቸው። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ኔፕልስ ሄደ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ለገጠር ድሆች ብሎ ያቋቋመውን የላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ በ1824 ቀሰሱ። ለዓመታት ገበሬ ያስተምሩና ያናዝዙ ነበር። በ1836 ኔፕልስ ውስጥ ኮሌራ ሲገባ በሽተኛ ሲያስታምሙ ከረሙ። በማኅበራቸው ውስጥ አለቃ ሆነው የተሾሙበት ጊዜ አለ፤ ያንን ዘልዬዋለሁ፤ የሳቸው ነገር የሚጀምረው እዚህ አገር ነው።

በ1839 ለኢትዮጵያ ተልእኮ ኃላፊ ተደርገው በምጽዋ በኩል ገብተው ዓድዋ ደረሱ። ዘመነ መሳፍንት ነው። ትግራይን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ከአንድ ዓመት በፊት የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ከዚያችው ከዓድዋ ተባርረዋል። ካቶሊክ የሚለው ስም ደግሞ ከሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ደም ያየበት ስም ነው። ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፍም አልተረሳም። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቦታ ኃላፊ ተብሎ የተሾመ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? እኛ ብንሆን ስብሰባ እንጠራለን፤ ራሳችንን እናስተዋውቃለን፤ የሦስት ወር ዕቅድ እናቀርባለን።

እሳቸው ግን ፊደል ቆጠሩ። ከደብተሮች ሥር ቁጭ ብለው ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ። የሐበሻ መነኩሴ ልብስ ለበሱ፤ ጥምጥም ጠመጠሙ። መሬት ተቀምጠው ከሰው ጋር ከአንድ ገበታ በሉ። የአገሩን ጾም ጾሙ። ወራት ካለፉ በኋላ፣ በ1840 መጀመሪያ፣ ለጥቂት ሰዎች በሚንተባተብ አንደበት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። የንግግሩ ፍሬ ነገር አገልጋያቸው ሆነው መምጣታቸውን መግለጽ ነበር። ቢፈልጓቸው እንደሚያስተምሩ፣ ባይፈልጓቸው ዝም እንደሚሉ፣ ፈቃዱ የእነሱ እንደሆነ ነገሯቸው። ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ በላቲን ሳይሆን በግዕዝ ሥርዓት ይቀድስ፣ በራሱ ዜማና በራሱ ጾም ይኑር የሚለውንም አቋም የያዙት ከጅምሩ ነው። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የሚመጣ ሚስዮናዊ ሮማን ጠቅልሎ ይዞ በሚመጣበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ አንድ ከባድ ነገር ጠየቋቸው። አገሪቱ ጳጳስ የላትም። ከግብፅ ጳጳስ የሚያመጣ መልእክተኛ ሲላክ አብረው እንዲሄዱ ፈለጉ። አስቡት፤ የካቶሊክ ቄስ ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ፍለጋ ይሄዳል! መልእክተኞቹ ሮምንም እንዲያዩ ተስማምተው ሄዱ። ከዚያ ጉዞ ለኢትዮጵያ የመጡት ጳጳስ ወጣቱ አቡነ ሰላማ ናቸው፤ ኋላ ዋነኛ ተቃዋሚያቸው የሚሆኑት። ከመልእክተኞቹ መካከል ደግሞ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ የሆነ የጎጃም መነኩሴ ነበሩ። ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። የዚህ ጽሑፍ ግማሽ ስለሳቸው ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ የተወለዱ፣ በመርጡለ ማርያም የመነኮሱ ሊቅ ናቸው። የቅባትና የጸጋ፣ የተዋሕዶ ክርክር ጎንደርን ሲያምስ በኖረበት ዘመን መልሱን ፍለጋ ከገዳም ገዳም፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ የተንከራተቱ ሰው ናቸው። ከአቡነ ያዕቆብ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣሉ። በግዕዝ ደግሞ ጭራሽ አይወዳደሩም። ወደ ግብፅና ወደ ሮም ሲሄዱ ለወራት ጣሊያናዊውን አብረዋቸው እየተጓዙ፣ እየታዘቡ ከረሙ። የተቀላቀሏቸው ግን ወዲያው አይደለም፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይተው በ1844 ነው። አቡነ ያዕቆብም አላጣደፏቸውም። ይሄን ስጽፍ ትዝ የሚሉኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከኔ ጋር ነህ ወይስ አይደለህም እያሉ የሚያፋጥጡ አለቆች ናቸው። አንዱ እኔ ነበርኩ።

የጓላው ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ጓላ አዲግራት አካባቢ ናት። ዓላማው ከአገሬው ልጆች ካህናት ማፍራት ነበር፤ በካቶሊኮቹ አጠራር ዘርአ ክህነት። ታዲያ መምህር ማን ሆነ? አባ ገብረ ሚካኤል። በዕድሜ የሚበልጧቸውን፣ በዕውቀት የሚያርሟቸውን ሰው የትምህርት ቤቱ ዋና መምህር አድርገው፣ ራሳቸው እየጠየቁ እየተማሩ አብረው ሠሩ። ለተማሪዎቹ የግዕዝ መማሪያ፣ ትምህርተ ክርስቶስና የሥነ ምግባር መጽሐፍ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው አዘጋጁ። ጣሊያናዊው የነገረ መለኮቱን ሐሳብ ያመጣል፤ ጎጃሜው በግዕዝና በአማርኛ እንዴት እንደሚቆም ያውቃል። መቂ ሦስተኛ ክፍል ከኋላ ወንበር የተቀመጡት አባ ከየት እንደተማሩት የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን እፎይ ብሎ አልተማረበትም። አቡነ ሰላማ አወገዙ። የውቤም ፊት ተለወጠ። ተማሪዎቹ ከጓላ ተነሥተው አንዴ ወደ ኢሮብ፣ ወደ ዓሊቴና፣ አንዴ ወደ ሐላይ ሲሰደዱ ኖሩ። ተማሪ ባለበት ሁሉ ትምህርት ቤቱ አለ ማለት ነበር። አቡነ ሰላማን ክፉ አድርጎ መሳል ለኔ ቀላል አይደለም፤ እናቴ የምትሳለመው ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸውን ለመጠበቅ የተላኩ ሰው ናቸው፤ ከሚስዮናውያን ኋላ ቆንስልና መርከብ እንደሚከተልም ያየ ዘመን ነው። አቡነ ያዕቆብም ቢሆኑ ከፖለቲካው ሙሉ በሙሉ የጸዱ አልነበሩም። በመጨረሻ ዓመታቸው የአገው ንጉሤን ከፈረንሳዮች ጋር በማገናኘት እጃቸው ነበረበት። መጽሐፉን የሰጡኝ አባ ይህን ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው አዎ አሉኝ፤ ቅዱስ ሁሉ በሁሉ ነገር ልክ ነው ብለው አልተከራከሩኝም።

ጵጵስናውንም ለዓመታት ሸሹት። የማይገባኝ ነው ይሉ ነበር። በመጨረሻ የቀቧቸው እኛ አባ ማስያስ የምንላቸው ካፑቺኑ ጉልዬልሞ ማሳያ ናቸው፤ ጃንዋሪ 1849 ምጽዋ ውስጥ፣ በድብቅ፣ በሌሊት። አባ ማስያስ የመጡት ለኦሮሞ ሕዝብ ተብሎ በ1846 ለተቋቋመው ሀገረ ስብከት ነበር። ያ ሀገረ ስብከት በኋላ ሐረር ተባለ። ከሐረር ደግሞ በ1980 ተከፍሎ የመቂ ወጣ። ስለዚህ ያ ምጽዋ ውስጥ የተደረገው የሌሊት ሥርዓት ከመቂ ያን ያህል የራቀ አይደለም። የቀባው እጅ የኛን ሰፈር ቤተ ክርስቲያን የጀመረው እጅ ነው።

አዲሱ ጳጳስ አባ ገብረ ሚካኤልን በ1851 ካህን አድርገው ሾሙ፤ በስልሳ ዓመታቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በ1854 ሁለቱም ጎንደር ነበሩ። ደጃዝማች ካሳ እየገነኑ የመጡበት ጊዜ ነው፤ አገሩን አንድ ለማድረግ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተዋል፤ አንድ አገር አንድ ሃይማኖት ነው ነገሩ። ሁለቱም ታሰሩ፤ ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር። አቡነ ያዕቆብ ለወራት ከታሰሩ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የውጭ ሰው ናቸው፤ መግደሉ ጣጣ አለው። አባ ገብረ ሚካኤል ግን የአገር ልጅ ናቸው፤ የሚጠይቅላቸው መንግሥት የለም። ተገረፉ። ሃይማኖትህን ተው እየተባሉ በተደጋጋሚ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። በ1855 ካሳ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ምልጃ ገብቶ ፍርዱ የዕድሜ ልክ እስራት ሆነ። እግር ብረት እንዳጠለቁ ከሠራዊቱ ጋር ከዘመቻ ዘመቻ ተጎተቱ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ኦገስት ውስጥ፣ ኮሌራ በሠፈሩ ገብቶ መንገድ ላይ ሞቱ። በዚያው በዘመቻው መንገድ ተቀበሩ።

መሪው ተባረረ። ተከታዩ ሞተ።

እኔ ስለ መሪነት ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ እናንተም ወስዳችኋል፤ በየሆቴሉ አዳራሽ፣ በየፍሊፕ ቻርቱ። ራዕይ፣ ተነሳሽነት፣ ቡድን ግንባታ እንባላለን። እኔን ተከትሎ የመጣው ሰው ከኔ የበለጠ ዋጋ ሲከፍል ምን አደርጋለሁ የሚለው ጥያቄ ግን አንድም ቀን ተነሥቶ አልሰማሁም። ያንን ጥያቄ የማውቀው ከሌላ ቦታ ነው።

ከተመረቅን ከጥቂት ዓመት በኋላ የክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። አንድ ግዢ ነበር፤ አስቸኳይ። ወረቀቱ ሳይሟላ እንዲከፈል የወሰንኩት እኔ ነኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ይሄ ነገር ደንብ አይደለም ብላኝ ነበር፤ በኔ ቃል አምና ፈረመች። ገንዘብ አልጠፋም፤ ዕቃውም ገባ። ኦዲት ሲመጣ ግን ፊርማው የሷ ነው። የኔ ትእዛዝ በቃል ነው። እኔ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወርኩ፤ እንዲያውም ደመወዜ ትንሽ ጨመረ። እሷ ከሥራ ተሰናበተች። አንድ ወረቀት ጽፌ ያዘዝኳት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አልጻፍኩም። ሁለት ልጆች ነበሯት።

ስለዚህ ስለ አቡነ ያዕቆብ ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው 1855 ላይ ነው። ምን አደረጉ? ማስፈታት አልቻሉም፤ ጦር የላቸውም። ግን አንድ ነገር ለኔ ልዩነት አለው። መጀመሪያ ነገር እሳቸውም እስር ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ ራሳቸው ያልቀመሱትን ሌላው እንዲቀምስ አልላኩም። ሁለተኛው፣ ከተባረሩ በኋላ ኔፕልስ አልሄዱም። ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ ታመዋል፣ ደክመዋል፣ ትምህርት ቤታቸው ፈርሷል። ዙሪያውን ዞረው ወደ ምጽዋና ወደ ሐላይ ተመለሱ። የተበተኑትን ተማሪዎች እየሰበሰቡ፣ በአንዱ መንደር ሲያባርሯቸው በሌላው እየጀመሩ አምስት ዓመት ቆዩ። ለዚያ ለተጎተተው ሰው ይህ በቂ ነበር ወይ? አላውቅም። በቂ የሚባል ነገር ያለ አይመስለኝም። ግን ምርጫቸው እዚያው መኖር ነበር፤ የሞተው ሰው ወገኖች ሊያገኟቸው በሚችሉበት ቦታ። የኔ ምርጫ ዝውውር ነበር።

የመጨረሻው ጉዞ በጁላይ 1860 ነው። ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ውስጥ ነበሩ፤ የዚያን ቆላ የበጋ ሙቀት አስቡት። ትኩሳት ያዛቸው። ወደ ደጋው፣ ወደ ሐላይ ከመነኮሳቱና ከተማሪዎቻቸው ጋር ተነሡ። አልደረሱም። ጁላይ 31 ቀን አሊጌዴ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ከበቅሎ ወርደው መሬት ላይ ተኙ፤ ትራሳቸው ድንጋይ ነበር። ተማሪዎቹ ከበዋቸው ቆመዋል። ባረኳቸው፤ ቅብዐ ቅዱስ ተቀቡ፤ ዐረፉ። ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ወር ከምናምን ቀርቷቸው ነበር። አስከሬናቸውን ተማሪዎቹ ወደ ሄቦ ወሰዱት። ሕይወታቸውን የጻፈላቸውም ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ አባ ተክለ ሃይማኖት ዘዓድዋ ነው።

አንድ ነገር ላክልላችሁ፤ ለኔ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። ሮም አባ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕ ብላ ያወጀችው በ1926 ነው። አቡነ ያዕቆብን ግን በ1939። ተማሪው፣ ወይም መምህሩ፣ እንዴት ብዬ እንደምጠራቸው አላውቅም፣ ጎጃሜው በአሥራ ሦስት ዓመት ቀደሟቸው። ቅድስናቸው የታወጀው ኦክቶበር 1975 ነው፤ እዚህ አገር ንጉሡ ከወረዱና ካረፉ በኋላ፣ ሌላ የእስር ዘመን እየተጀመረ ሳለ።

ሒሳብ ሠራተኛዋን ፈልጌ ያገኘኋት አምና መስከረም ነው። አዳማ ትኖራለች፤ ልጆቿ አድገዋል። መጀመሪያ አላወቀችኝም፤ ከዚያ አወቀችኝና ዝም አለች። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት ስላት ቡና አፍልታ ሰጠችኝ፤ ስለ ይቅርታው ግን ምንም አላለችም። ቡናው ካለቀ በኋላ የፈለገችው ወረቀት እንደሆነ ነገረችኝ፤ ያኔ ያልጻፍኩትን። ያን ሌሊት አዳማ አደርኩ። ያዘዝኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ቀኑንና የግዢውን ዝርዝር ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ጠዋት ወስጄ በእጇ ሰጠኋት። ሁለቴ አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ ቀኑን ተሳስቼ ነበር፤ አርመው አለችኝ፤ አረምኩት።